«መንዳት እችላለሁ» ፈቃድ አይደለም

እስቲ ፍረዱኝ! ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ሞተር ሳይክል ከገዛ ሁለት ዓመት ሆነው፤ የሞተር ፈቃድ ግን የለውም። «የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ!» ይላል። ወንድሜ፣ እዚያ አገር ለሞተር ለብቻ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው፤ ፖሊስ ካላስቆመው ማንም አያውቅበትም። ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ዓመት ሳይወድቅ መንዳቱ አታለለው።

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ሰው በሞተባቸው አደጋዎች ከነበሩት ሞተረኞች 36 በመቶው ትክክለኛ የሞተር ፈቃድ አልነበራቸውም። ወረቀት ማጣት ገደላቸው አልልም። ግን ድንገተኛ ፍሬን አያያዝ የት ይሻላል መማር፦ ሜዳ ላይ ወይስ መኪና ፊት?

ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሥልጠናውን የጨረሰ ከፈተናው ነፃ ነው። አለቃውን ጥቂት ቀን ቢያስፈቅድ ያልቃል። አክስቴ እኮ የሞተሩን ድምፅ ሳትሰማ አትተኛም!