የሰፈራችን ሱቆችና የቡና መጠጫዎች መዘጋት ሁላችንንም ይመለከታል



ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኝ ዐይኑን ጣል ያደረገ ሰው የሚያየው ነገር ከማንም የተሰወረ አይደለም። ትናንት ስኳርና ሳሙና ሲቸረቸርበት የነበረው ሱቅ ዛሬ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ከፈረቃ የሚወጡት ልጆች ቁጭ ብለው ቡና ይጠጡበት የነበረው ታዛ ረከቦቱም ጀበናውም ተነሥቶ ባዶውን ቀርቷል። «የሚከራይ ቤት» የሚለው ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ፀሐይ እስኪያነጣው ድረስ የሚያነሣው አላገኘም። ብዙዎቻችን ይህን አይተን «ንግድ ነው፤ አንዱ ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል» ብለን እናልፋለን። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሰፈር ሱቅ ሲዘጋ አብሮት የሚዘጋ ሌላ ነገር ስላለ፣ በዚህ እትም ጉዳዩን አንሥተን ከናንተው ጋር ልንመካከርበት ወደድን።

እንደሚታወቀው አዳማ ከድሮም ጀምሮ በመንገድ የምትኖር ከተማ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ በዚህ ሲያልፍ ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ አደገች፤ ሻይ ቤቱም ዳቦ ቤቱም ሸቀጣ ሸቀጡም የባቡሩን ተሳፋሪ እያየ ተከፈተ። በኋላ ደግሞ የከባድ መኪናው ዘመን መጣ። ወደ ወደብ የሚወርደውና ከወደብ የሚመለሰው ሾፌር የሚበላውንና የሚጠጣውን ፈልጎ ሲቆም፣ ገበያው ከሐዲዱ ወደ አስፋልቱ ዳር ዞረ። የአሮጌው ባቡር ፉጨት ከጠፋ ከ15 ዓመት በላይ ሆነው። በመስከረም 2007 ዓ.ም የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለተሽከርካሪ ክፍት ሲሆን፣ በዱከምና በሞጆ መንገድ ዳር እየቆመ ቡና ይጠጣ የነበረው መንገደኛ 85 ኪሎ ሜትሩን ሳይቆም መብረር ቻለ። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ የነበረውን ገበያ መልሶ አላመጣውም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። አላፊ መንገደኛን ተማምኖ የተከፈተ ሱቅ፣ መንገዱ በዞረ ጊዜ አብሮ ይዞራል ወይም ይዘጋል። የሰፈር ሱቅ ግን የሚኖረው በመንገደኛ ሳይሆን በነዋሪ ነው። ነዋሪው እያለ የሰፈር ሱቅ ከተዘጋ ምክንያቱን መንገዱ ላይ ብቻ መፈለግ አይበቃም፤ ወደራሳችንም መመልከት ይገባናል።

ወደኛው አካባቢ እንመለስ። ፓርኩ በመስከረም 2011 ዓ.ም ተመርቆ ሥራ ሲጀምር፣ ከየገጠሩና ከየከተማው የመጡ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፣ በየግቢያችን አንድ አንድ ክፍል እየተከራዩ ገቡ። እነሱን ተከትሎ ሱቁ በዛ፤ ጀበና ቡናውም፣ ጉሊቱም፣ እንጀራ ሻጩም በዛ። ከዚያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ሀገራችን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ስትወጣ፣ ለአሜሪካ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች በየፓርኩ ትዕዛዝ ቀነሰባቸው። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር ወር የሐዋሳውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ከፓርክ በር አጠገብ ቡና የምታፈላ እናት ዘንድ ይደርሳል ብሎ ማን አሰበ? ግን ይደርሳል። ፈረቃ ሲቀነስ የሚሸጠው ሲኒ ይቀንሳልና።

በዚህ ላይ የዋጋው ነገር ተጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የሕፃናት ወተቱም ከውጭ የሚመጣ ወይም በውጭ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ነው። በመሆኑም ባለሱቁ ትናንት 10 ካርቶን ይገዛበት በነበረው ገንዘብ ዛሬ ያንን ያህል መግዛት አልቻለም፤ መደርደሪያው ሳሳ፤ መደርደሪያው ሲሳሳ ደግሞ ደንበኛው ሸሸ። የቡናውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። በ2017 ዓ.ም አጋማሽ ላይ በዓለም ገበያ የአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ለገበሬው መልካም ዜና ነው፤ ደስ ይበለው። እኛ ግን ካመረትነው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን የምንጠጣ ሕዝብ ስለሆንን፣ ዋጋው በጀበና ቡናዋ ላይ አረፈ። የሲኒውን ዋጋ ከፍ ብታደርግ ደንበኛዋ ይቀራል፤ ባታደርግ ትከስራለች።

እንግዲህ አንዳንድ ሰዎች «ችግር የለም፤ ትናንሾቹ ቢዘጉ ትልልቆቹ ይመጣሉ» ሲሉ ይሰማል። መምጣታቸውስ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም ለሀገር ተወላጆች ብቻ ተከልሎ የነበረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። በ2018 ዓ.ም ካርፉር የተባለው የፈረንሳይ ሱፐርማርኬት ከሚድሮኩ ኩዊንስ ሱፐርማርኬት ጋር ስምምነት ማድረጉ ተገልጿል። ትልልቅ መደብር በመምጣቱ አንከፋም። ዋጋው ተለጥፎ ይታያል፤ ሚዛኑ አያጠራጥርም፤ ለሰፈር ልጅም ሥራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ትልቅ ስለሆነ አይዘጋም ብሎ መተማመን ስሕተት ነው።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። ናኩማት የተባለው በምሥራቅ አፍሪካ ከ60 በላይ ቅርንጫፍ የነበረው ሱፐርማርኬት ዕዳ በዕዳ ላይ ተቆልሎበት በ2012 ዓ.ም እንዲፈርስ ተወሰነ። የደቡብ አፍሪካው ሾፕራይትም ኬንያ ገብቶ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2013 ዓ.ም ጠቅልሎ ወጣ። የእኛኑ የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ቡና እየቆላ የሚሸጠው ስታርባክስ በ2000 ዓ.ም በአሜሪካ 600 መደብሮችን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም ደግሞ እንደገና ሌሎች በርካታ ቅርንጫፎችን እንደሚዘጋ ተናገረ። የመንግሥት የሆነም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የኑራ ኤራን ብርቱካን ከሚሸጡት የኢትፍሩት ሱቆች ደጃፍ የተሰለፍን በመካከላችን አለን፤ ድርጅቱ በ2008 ዓ.ም ከሌሎች ጋር ተጠቃሎ የንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን አካል ሆኗል። በደርግ ዘመን ስኳርና ጨው በራሽን ካርድ የምንወስድበት የቀበሌ ኅብረት ሱቅም ከ1983 ዓ.ም በኋላ በብዙ ቦታ ተዳክሞ ቀርቷል።

ልዩነቱ ይህ ነው። ባለብዙ ቅርንጫፉ መደብር ሲዘጋ የሚወስነው ሰው ሩቅ ነው። ሰፈሩን አያውቀውም፤ የሚያየው የሒሳብ መዝገቡን ብቻ ነው፤ ሊፈረድበትም አይገባም፣ ሥራው ነውና። የሰፈሩ ባለሱቅ ግን ለመዝጋት ሲያስብ ከመዝጋቱ በፊት ለኛ ይነግረናል። እኛም ልንሰማውና ልናግዘው እንችላለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ሱቅ ሲዘጋ አብሮት የሚዘጋው ነገር ምንድን ነው? የዱቤ ደብተሩ ነው። የወር ደመወዝ ከመድረሱ በፊት ኪሷ ባዶ የሆነባት የፋብሪካ ሠራተኛ ሁለት ኪሎ ዱቄትና አንድ ሊትር ዘይት ይዛ የምትገባው በየትኛው ሱፐርማርኬት ነው? ገንዘብ ተቀባይዋ መታወቂያ ብታሳያት እንኳ አትሰጣትም። የሰፈሩ ባለሱቅ ግን ፊቷን አይቶ ይጽፍላታል። በሌሊት ሕፃን ሲያተኩሰው በሩን አንኳኩተን የምናስነሣው እሱን ነው። ቁልፍ የምናስቀምጠው እሱ ዘንድ ነው። የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ ልጆች ገና ሳይነጋ ሲመለሱ፣ መንገዱ ላይ መብራት የሚታየው ከሱቁና ከጀበና ቡናዋ ታዛ ነው። እነዚህ ከሌሉ መንገዱ ጨለማ ነው፤ በጨለማ የሚሄዱት ደግሞ የኛው ልጆች ናቸው። ለቅሶ የሚነገረው፣ የዕድር መልእክት የሚተላለፈው፣ አዲስ የመጣ ተከራይ ማን እንደሆነ የሚታወቀውም እዚያው ቡና ላይ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሰጠን የዱቤ ደብተር ራሱ ሱቁን እየገደለው መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? ለምሳሌ ያህል እናስላ። 30 ቤተሰብ እያንዳንዱ 500 ብር ቢቀርበት 15,000 ብር ይሆናል። ለአንዳችን 500 ብር ቀላል ነች፤ «ነገ እሰጠዋለሁ» የምንላት ነች። ለባለሱቁ ግን 15,000 ብሩ ዕቃ አምጥቶ፣ ሸጦ፣ መልሶ የሚያመጣበት ገንዘብ ነው። ጅምላ አከፋፋዩ ለሱ ዱቤ አይሰጠውም። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ባለጠጋ ሆኖ በመደርደሪያው ላይ ይደኸያል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ዱቤ ያለበት ሰው ባለሱቁን አፍሮ በሌላ መንገድ ዞሮ፣ በእጁ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ሌላ ቦታ ሄዶ መግዛቱ ነው። ዱቤው ለሰፈሩ፣ ጥሬ ብሩ ለሩቁ! እንዲህ ከሆነ ማን ይቆማል?

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተሉትን ነጥቦች ለነዋሪው ያቀርባል።

አንደኛ፣ ዱቤ ያለብን ሁሉ ደመወዝ በተቀበልን በመጀመሪያው ሳምንት እንክፈል። ሙሉውን መክፈል ያልቻለ ግማሹን ይክፈል፤ ግማሹንም ያልቻለ ፊት ለፊት ሄዶ ይናገር። መሸሽ ግን ይቅር።

ሁለተኛ፣ ሱቅ ለምታከራዩ ባለቤቶች። በ2016 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል አስከብሮለታል፤ ጭማሪውንም በሥርዓት አድርጎታል። ይህ ግን የንግድ ቤትን አይመለከትም። ስለዚህ የሱቅ ተከራይ የተማመነው በሕጉ ሳይሆን በናንተ ሕሊና ነው። ኪራይ ጨርሶ አትጨምሩ አንልም፤ ኑሮው ለናንተም ተወዷል። ሆኖም በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ ለናንተም አይበጅም። ስድስት ወር ተዘግቶ የከረመ ቤት ከጭማሪው የሚገኘውን ይበላዋል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ጭማሪው ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይነገር።

ሦስተኛ፣ ለባለሱቆች። ነዋሪው እንዲታመንላችሁ እናንተም ታመኑ። ስኳር ጠፋ ሲባል ከጓዳ መደበቅ፣ ሚዛን ላይ ጣት ማሳረፍ፣ ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ ከኋላ ወደ ፊት ማምጣት ደንበኛን ያባርራል። ዋጋችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ። ከሱፐርማርኬቱ ይህን መማር ነውር የለውም። አምስት ስድስት ሆናችሁ ገንዘባችሁን አዋጥታችሁ ከጅምላው በአንድነት ብትገዙ ደግሞ የትራንስፖርቱም የዕቃውም ዋጋ ይቀንስላችኋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አራተኛ፣ በከተማችን እየተካሄደ ያለው የኮሪደር ልማት መንገዱን ያሰፋል፤ ያሳምራል፤ እንደግፈዋለን። ነገር ግን በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚያፈሉና ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች የሚቀመጡበት ቦታ ከፕላኑ ውስጥ ከወዲሁ እንዲያዝ፣ ማኅበሩ ለቀበሌው በጽሑፍ ያቀርባል። ሥራው ካለቀ በኋላ ከመጮህ በፊት መጠየቁ ይሻላል። በዚህ ጉዳይ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተገኝታችሁ ተናገሩ፤ ይልቁንም እናቶች እንዳትቀሩ።

አምስተኛ፣ ዘይትና ስኳር በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲመጣ ብቻ ትዝ የሚለን ሰዎች አባልነታችንን እናድስ። ማኅበሩ ሱቅ የሚሆነው ዓመቱን ሙሉ ስንገዛበት ነው፤ ለሰልፍ ብቻ ከሆነማ እንደ ድሮው ኅብረት ሱቅ መዘጋቱ አይቀርም።

ውድ ነዋሪዎች፣ የውጭ ምንዛሪን እኛ አንወስነውም። የአሜሪካንን ገበያ፣ የፋብሪካውን ትዕዛዝ፣ የትልልቁን መደብር መምጣትና መሄድም አንወስነውም። የምንወስነው ጠዋት ዳቦ ከማን እንደምንገዛ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ከማን ታዛ ሥር እንደምንጠጣ፣ የወር መጨረሻ ላይ ዱቤያችንን እንደምንከፍል ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። የሰፈር ሱቅ ግን በሩን ከፍቶ የሚያድረው በዚችው ትንሽ ነገር ነው።