«ዶክተር» ከማለታችን በፊት «ተኝተሃል ወይ?» እንበላቸው



ይህ ጽሑፍ ዘንድሮ ሕክምና ወይም ነርሲንግ ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው። ለወላጆቻችሁና ለእኛ ለመስጂድ ሰዎችም ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን አንድ የቀጨኔ ልጅ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ወደ እኛ መጣ። ሕክምና ከገባ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነውም ሰፈሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ዶክተር» እያለ ነው የሚጠራው። «ኡስታዝ፣ አነባለሁ ግን አይያዝልኝም። ገጹን ጨርሼ ስገልጠው የመጀመሪያውን መስመር አላስታውሰውም» አለን። እኛም «አይዞህ፣ ሰብር አድርግ፣ ዱዓእ አብዛ» ብለን ትከሻውን መታ መታ አድርገን ሸኘነው። ንግግራችን ስህተት አልነበረም፤ ግን ጎደሎ ነበር። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ አልጠየቅነውም። ምን በልቶ እንደዋለም አልጠየቅነውም። ኋላ ከጓደኛው እንደሰማነው ሦስት ሌሊት በተከታታይ ጫት እየቃመ ሲያነብ አድሮ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት እንቅልፍ ጣለውና ፈተናው አለፈው። ያን ሁሉ የደከመለትን ፈተና ሳይቀመጥበት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዳይ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ እናስብ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በዚህ ወንፊት አልፎ ጤና ሳይንስ የገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወድቆ አያውቅም። አሁን ግን የገባው ሁሉም «አንደኛ» ከነበረበት ክፍል ነው። ከእነዚህ አንደኞች መካከል አንዱ የግድ መጨረሻ ይወጣል። ያ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሚዛኑ ስለተለወጠ ነው። ይህን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ግን ራሱን መጥላት ይጀምራል።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ሥራ በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። በዚያ መሠረት ከሕክምና ተማሪዎች 27 በመቶ ያህሉ የድባቴ ወይም የድባቴ ምልክቶች ይታዩባቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ ሕክምና ፈልገው የሄዱት 16 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ሰውን ሊያክሙ የሚማሩት ልጆች ራሳቸው ሲታመሙ አይታከሙም ማለት ነው። ለምን? ስለሚያፍሩ ነው። ሀፍረቱን ደግሞ በከፊል የሰጠናቸው እኛ ነን።

አሁን ወደ ጫቱ እንምጣ። ጣታችንን ወደ ግቢ ተማሪ ብቻ አንቀስርም። በቂርኣት ቤትም ሌሊቱን በጫት ኪታብ ሲያዩ የሚያድሩ ደረሶችን እያየን ነው ያደግነው፤ ከመካከላችን የሞከርነውም አለን። ጫት ያነቃል፣ ይህን አንክድም። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉ ነገር የገባን ይመስለናል። ችግሩ «መሰለን» ላይ ነው። ቀን የተማርነው ነገር በአእምሯችን የሚረጋው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። እንቅልፉን የሸጠ ተማሪ ያነበበውንም አብሮ ሸጧል። በማግስቱ የሚቀረው ድካሙ፣ መደበቱና ባዶ ኪሱ ነው።

ሰልማን አል-ፋሪሲ ወንድማቸው አቡ ደርዳእ ሌሊቱን ለሶላት ሊቆሙ ሲነሱ «ተኛ» ብለው እንደመለሷቸው፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን ልክ ነው እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናል። ለሶላት እንኳ ልክ ከተበጀለት፣ ለፊዚዮሎጂ ፈተና ሦስት ሌሊት ማደርን ምን ጀግንነት አደረገው? በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሰው ሰባቱን ሞላ። ከፈጅር በኋላ ያለው ጸጥታ ደግሞ ዶርሙ ሳይነቃ፣ ስልኩም ሳይጮህ የሚገኝ የጥናት ሰዓት ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሀንድአውት በምን ጊዜ ያልቃል?» ትሉን ይሆናል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ መሐፈዝን ግን እናውቃለን። ሉህ ይዞ የሚቀራ ልጅ ስንት ጊዜ እንዳነበበ አይጠየቅም። ሉሁን አስቀምጦ በቃሉ ለኡስታዙ ያሰማል። ከያዘ ያልፋል፣ ካልያዘ ይመለሳል። አዲሱን ሲሐፍዝ የትናንቱን ይደግማል፤ የቆየውንም በሙራጀዓ ይጠብቃል። ሙራጀዓ የሌለው ሒፍዝ እንደሚጠፋ የማያውቅ ሐፊዝ የለም።

የዘመኑ ጥናትም የሚለው ይህንኑ ነው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ የተማርነው ነገር በፍጥነት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ተማሪዎችን ፈተኑ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ትተው ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ሐኪም ደግሞ የሚያስፈልገው ለአምስት ደቂቃ የሚቆይ ዕውቀት አይደለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፦ ሀንድአውቱን አንዴ በደንብ አንብቡ፤ ከዚያ ዝጉትና የያዛችሁትን በባዶ ወረቀት ጻፉ። የጎደለውን ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እንደዚያው አድርጉ። ከክፍል በፊት ሙጣለዓ አድርጉ፤ አሥር ደቂቃም ትበቃለች። ከጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንዳችሁ ለአንዳችሁ አስረዱ፤ በቂርኣት ቤት ትልቁ ደረሳ ታናሹን ሲያቀራ ራሱም ይጠነክራል። የልብን ሥራ ለእናታችሁ በአማርኛ፣ በስልጥኛ ወይም በኦሮምኛ ማስረዳት ከቻላችሁ ገብቷችኋል። ካልቻላችሁ የያዛችሁት የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ ነው። ነገ ዎርድ ውስጥ የምታገኙት ሕመምተኛም የሚጠይቃችሁ በእናቱ ቋንቋ ነው።

ሌላ ብዙ የማይወራ ነገር አለ፤ እሱም የአናቶሚ ክፍል ነው። አስከሬን ፊት መጀመሪያ የቆሙበት ቀን እንቅልፍ ያጡ፣ ሥጋ መብላት ያቃታቸው ተማሪዎች አጫውተውናል። «ለሙያው አልተፈጠርኩም» ብለው የደመደሙም አሉ። እኛ የመጀመሪያዋን ጀናዛ ያጠብን ቀን እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁለት ሌሊትም በቅጡ አልተኛንም። ካጠቡት ሽማግሌዎች አንዱ ግን አልሳቀብንም፤ «ልብህ ስላለ ነው» አለን። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይዞናል። እናንተም የደነገጣችሁት ልባችሁ ስላለ ነው። ድንጋጤው በጊዜ ይረግባል። ለሟች ያላችሁ አክብሮት ግን አብሮ እንዳይረግብ ጠብቁት።

ለነርሲንግ ተማሪዎች ለብቻ አንድ ቃል አለን። «ሜዲስን አልደረሰሽም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ የሚወረውረው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ አያውቅም። ሌሊት ከጎኑ የምትቆመው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጠው፣ ትንፋሹ ሲለወጥ ቀድማ የምታየው ነርሷ ናት። ስትጠየቁ አንገታችሁን አትድፉ። ቁርስ ሳትበሉ ለልምምድ አትውጡ፤ ቀኑን ሙሉ በእግር መቆም ነውና ራሳችሁን ስታችሁ መውደቅ አለ።

አሁን ዋናው ነገር። ኀዘኑ ወይም ጭንቀቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ትወዱት የነበረው ሁሉ ካስጠላችሁ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። መሞትን የምታስቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀንም አታሳድሩ፤ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩና አብራችሁ ሂዱ። የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን አለ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ይህ የኢማን ማነስ አይደለም። እግሩ የተሰበረን ሰው «ዱዓእ አድርግና ተራመድ» አንለውም። ዱዓእም እናደርጋለን፣ ሐኪም ጋርም እናደርሰዋለን።

ሰፈራችን ቀጨኔ በሸክላ የታወቀ ነው። ጀበናና ድስት የሚሠሩ እናቶችን ጠይቁ፦ በደንብ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ውስጥ ከገባ ውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ይሆንና ይሰነጥቀዋል። ጭቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ስለቸኮሉበት ነው። እኛ ግን ገና በመጀመሪያ ወር ላይ ያለን ልጅ «ዶክተር» እያልን ወደ እሳቱ እንገፋዋለን። ሲሰነጠቅ ደግሞ «ምን ነካው?» እንላለን።

ስለዚህ ከወላጆችና ከጎረቤት የምንለምነው ቀላል ነው። እስኪመረቁ በስማቸው ጥሯቸው። ስልክ ስትደውሉ «ውጤት ስንት መጣ?» ከማለታችሁ በፊት «ተኝተሃል? በልተሻል?» በሉ። አንድ ኮርስ ቢበላሽ ቤታችሁ የማይዘጋባቸው መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከየመስጂዱ ደግሞ ከዐስር እስከ ዒሻእ መብራት ያለው አንድ ጥግ ለተማሪ ይለቀቅ፤ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በግቢ የቀደሙ ተማሪዎች አዲሶቹን ይያዙ።

ያ ልጅ ዛሬም እየተማረ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ተሐድሶ የተመለሰው በእኛ ምክር አይደለም፤ አንድ ሲኒየር እጁን ይዞ አማካሪ ጋር ስላደረሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ አገኘነውና «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» አልነው። ሳቀና «አራት ሰዓት፣ ኡስታዝ» አለን። ሰፈሩ አሁንም «ዶክተር» ይለዋል፤ እኛ ግን በስሙ ነው የምንጠራው።

አላህ ትምህርታችሁን ያግራላችሁ፣ ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ። ይህን ጽሑፍ አንድ አዲስ ተማሪ ለምታውቁበት ቤት አድርሱት።