ሕዝብ የሚከፍልበት ሚዲያ የሕዝቡን ድምፅ ያሰማ!

ከአሰላ ተነስቶ በበቆጂ በኩል ወደ አሳሳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ስንዴና ገብስ የሚያርሰው ገበሬ ቤት ቴሌቪዥን ላይኖር ይችላል። ሆኖም ብሔራዊውን ጣቢያ ለዓመታት ያቆሙት የመንግሥት በጀት፣ ማስታወቂያና ባለቴሌቪዥኖች የሚከፍሉት ክፍያ ናቸው። በጀቱ ደግሞ ከግብር የሚመጣ ነው። ገበሬው ዕቃ በሸመተ ቁጥር ከሚከፍለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለጣቢያው ድርሻ አለው ማለት ነው። የከፈለ ሰው ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንም (ኢቢሲ) ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር ያየነው ግን ሌላ ነበር።

ሚያዝያ 19 ቀን 2004 በዕለተ ጁሙዓ በአሳሳ ከተማ ፖሊስ አንድን ኢማም ለመያዝ በመሞከሩ በተነሳ ግጭት ቢያንስ አራት ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን የሙስሊሙ ጥያቄ በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰማ የነበረው በመንግሥት መግለጫ በኩል ነበር። በጥር 2005 መጨረሻ ደግሞ በዚያን ጊዜ መጠሪያው ኢቲቪ «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ፊልም አሰራጨ። ገና ፍርድ ያላገኙ ተከሳሾች በእስር ላይ ሳሉ የሰጡት ቃል ለመላው አገር ታየ። የመልስ ዕድል ግን አልተሰጣቸውም። የተወነጀሉት ወገኖችና ቤተሰቦቻቸው የዚያ ጣቢያ ወጪ ከፋዮች ነበሩ!

የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያሳየን እምነት ከሌለ ክፍያም እንደሚደርቅ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕጉ ለቴሌቪዥን በዓመት 265 ራንድ ያስከፍላል፤ አብዛኛው ባለቴሌቪዥን ግን አይከፍልም። ብሪታንያ ውስጥ በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ) ክፍያው 174 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ሕዝቡ በየጊዜው ቢያጉረመርምም ቢቢሲ ስህተት ሲሠራ በአደባባይ ይጠየቃል፤ ኃላፊዎቹም ሥልጣን የለቀቁበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ስለ ኢቢሲ ገንዘብ ሲነሳ «ስንት ይከፈል?» ከሚለው አስቀድሞ ሦስት ነገሮች መመለስ አለባቸው ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ በጀቱ የሥራ አስፈጻሚውን ፊት እያየ የሚለቀቅ ሳይሆን ምክር ቤቱ ለበርካታ ዓመታት አስቀድሞ የሚያጸድቀው ይሁን። ሁለተኛ፣ ቦርዱ ከባለሥልጣናት ይልቅ በባለሙያዎችና በኅብረተሰቡ ተወካዮች ይዋቀር። ሦስተኛ፣ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የታወቀው መልስ የመስጠት መብት በጣቢያው በተግባር ይከበር።

እነዚህ ከተሟሉ የአርሲ ገበሬ ድርሻውን ለመክፈል የሚያመነታ አይመስለንም። የሚጠይቀው አማና እንዲጠበቅለት ነው። ስለ እርሱ ሲወራ እርሱም ይጠየቅ!