መጥኖ መደቆስ፦ ወደ አዲስ አበባ ከመሳፈራችን በፊት

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ወጥተን ሻይ ስንጠጣ አንዱ የክፍላችን ልጅ «ሰኔ ላይ ተመርቄ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ነኝ» አለ። ከሰባታችን አምስታችን ተቀብለን «እኔም» አልን። ምን ሥራ? የት ልታርፍ? ስንት ብር ይዘህ? ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። እንግዲህ ስለ ወጪና ገቢ ስንማር ዓመታት የቆጠርን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የራሳችንን ወጪና ገቢ ሳናሰላ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ልንጓዝ ተዘጋጅተናል ማለት ነው። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተና ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሳሁ።

ከወዲሁ ልናገር፤ «አዲስ አበባ አትሂዱ» ልል አይደለም። ትላልቆቹ ባንኮች፣ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ስለሆነ ሰው ወደዚያ ቢያይ አይፈረድበትም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ከተማ መመዘን ያለበት በሚከፍለው ደመወዝ ሳይሆን ከደመወዙ በሚተርፈው ብርና ሥራው እስኪገኝ በሚፈጀው ጊዜ ነው። ያንን ጊዜ ደግሞ የሚከፍልልን ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ ከፋዮቹ እኛ አይደለንም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመረቀ። ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የግል ድርጅት በጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛነት ሊቀጥረው ጠርቶት ነበር፤ ደመወዙ አነሰኝ ብሎ ተወው። እናታችን የደረሳትን የ20 ሺህ ብር እቁብ ሰጥታ፣ መርቃ ሸኘችው። ጀሞ አክስታችን ቤት ገባ። አክስታችን ደግ ሰው ናት። ቤቷ ግን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ልጆቿ ደግሞ ሦስት ናቸው። ወንድሜ ሳሎን ሶፋ ላይ እያደረ፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ እየቀያየረ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሊያይ ይሄዳል። ሰሌዳው ላይ አብዛኛው ማስታወቂያ «የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ የሚመዘገበው ሰው ብዛቱ አይጣል ነው። አንድ ጊዜ ፈተናውን አልፎ ነበር። «ዋስ አምጣ» ተባለ። ዋስ የሚሆነው ቋሚ ሥራ ያለውና ደመወዙ የሚበቃ ሰው ነው። አክስታችን የራሷን ሥራ ነው የምትሠራው፤ ከእሷ ሌላ በከተማው የሚያውቀው ሰው የለም። ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ።

ምን አለፋችሁ፣ ስምንተኛው ወር ላይ ብሩ አለቀ። ዘጠነኛው ወር ላይ መርካቶ ውስጥ የአገራችን ሰው ሱቅ ሻጭ ሆኖ ገባ። እስካሁንም እዚያው ነው። ሥራ ሁሉ ክቡር ነው፤ ሻጭነትም ሥራ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ መርጦ አለመግባቱ ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ሥራ አይመርጥም፣ ደመወዝም አይደራደርም። ኮምቦልቻ እሱ የተወውን ቦታ የያዘው የክፍሉ ልጅ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ የልምድ ወረቀቱን ይዞ፣ አዲስ አበባ የገባው የቅጥር ደብዳቤ በእጁ ይዞ ነው።

ይህ ነገር በዴቨሎፕመንት ኢኮኖሚክስ ኮርስ ከተማርነው ጋር ይገናኛል። ሀሪስና ቶዳሮ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ሞዴል ከተማ ውስጥ ሥራ አጥ ሞልቶ እያለ ሰው ለምን ወደ ከተማ መጉረፉን እንደማያቆም ለማስረዳት ሞክረዋል። መልሳቸው ሰው የሚያወዳድረው የከተማውን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ደመወዙን ሥራ በማግኘት ዕድሉ አባዝቶ ነው የሚል ነው። የ12 ሺህ ብር ሥራ የማግኘት ዕድላችን ግማሽ ከሆነ በስሌቱ የምናገኘው 6 ሺህ ብር ነው። ይህን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። ሞዴሉ ሰው ሁለቱንም ያሰላል ብሎ ይነሳል። እኛ ግን ሻይ ቤት ስንቀመጥ ደመወዙን ይዘን ዕድሉን ጥለነዋል።

እስቲ ደመወዙንም ቢሆን እንየው። እዚህ 8,000፣ አዲስ አበባ 12,000 ብር የሚከፍሉ ሁለት ሥራዎች አሉ እንበል። ልዩነቱ 4,000 ብር ይመስላል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ይቆረጥበታል፤ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታም አለ። ከ8,000ው ላይ 1,150 ብር ግብርና 560 ብር ጡረታ ሲቆረጥ እጅ ላይ የሚደርሰው 6,290 ብር ነው። ከ12,000ው ላይ 2,250 ብር ግብርና 840 ብር ጡረታ ተቆርጦ 8,910 ብር ይቀራል። ስለዚህ 4,000 ያልነው ልዩነት 2,620 ብር ሆነ። እዚህ ከቤተሰቤ ጋር ስለምኖር የቤት ኪራይ የለብኝም። እዚያ ለሦስት ተደባልን የምንከፍለው የአንድ ክፍል ኪራይ ድርሻዬ 2,620 ብር ከደረሰ ልዩነቱ እዚያው ላይ አለቀ። ታክሲ፣ ምሳ፣ ውሃና መብራት ገና አልተነኩም።

በመንግሥት ሥራ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 8,595 ብር መሆኑ ነው። ስኬሉ አዲስ አበባም ደሴም ያው ነው፤ ኪራዩ ግን ያው አይደለም። እርግጥ አዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነፃ ይሄዳል፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤትም ጥቅማ ጥቅም ይጨምራል። ይህም ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ዋናው ነገር ግን ለአንድ ዓይነት ደመወዝ ከተማ የሚቀይር ሰው ምን ሊጨምር እንደሄደ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ከዚያ ደግሞ የፍለጋው ጊዜ አለ። ሥራ እስኪገኝ ስድስት ወር ቢፈጅና በወር 6,000 ብር ብናወጣ 36,000 ብር ይሆናል። በእነዚያ ስድስት ወራት እዚህ እየሠራን በወር 3,000 ብር ልንቆጥብ እንችል ከነበረ 18,000 ብር ኦፖርቹኒቲ ኮስት ይጨመርበት። ድምሩ 54,000 ብር ነው። በኋላ የምናገኘው የአዲስ አበባ ሥራ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ እዚህ ከምናተርፈው በወር 1,500 ብር ቢበልጥ እንኳ፣ ያንን ለመመለስ 36 ወር ይፈጃል። ሦስት ዓመት ሠርተን ከዜሮ እንጀምራለን ማለት ነው። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይተካ። ማስላቱ ግን አይቅር።

አንዳንዱ «አጎቴ እንዲህ አድርጎ ነው የተሳካለት» ይላል። የቀደሙን ሰዎች ምክር ጥሩ ነው፤ ግን የወጣበት ዓመት ይታይ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በወር የኖሩበት ብር ዛሬ ያንኑ ወር አያዘልቅም። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ግን ያለ ውል ደባል ሆኖ የሚገባ ሰው ይዞ የሚከራከርበት ወረቀት የለውም።

ሥራ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ያየነው ሐዋሳ ላይም ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ ሄደው ተቀጠሩ። ሥራው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት ግን መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር። በዚያ ብር ኪራይ ከፍሎ፣ በልቶ፣ ለቤተሰብ መላክ አልተቻለም። ብዙዎቹም ጥለው ሄዱ። ሥራ ኖሮ ኑሮው ካልገጠመ ሰው አይቆይም።

አሁን «ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚለው። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ በሚፈልጉ ወጣቶች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ የኢኮኖሚክስ ጆርናል ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ከመሐል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ወጣቶች ለአንዳንዱ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ፤ ለሌላው ሲቪ አጻጻፍና ኢንተርቪው አሠልጥነው፣ ችሎታቸውን ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጡ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ጠቀሙ፤ ቋሚ ወይም መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን አሻሻሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በገቢ ብልጫ ያሳዩት ሥልጠናውን የወሰዱት ናቸው፤ የታክሲው ገንዘብ ውጤት ጠፍቷል። እኔ ከዚህ ሁለት ነገር ተረድቻለሁ። አንደኛ፣ እዚያው አዲስ አበባ ለሚኖረው እንኳ የታክሲ ብር ሥራ ከመፈለግ ያግደዋል፤ ከደሴ ለሚሄደውማ እንዴት ይሆን? ሁለተኛ፣ ዘላቂ ጥቅም ያመጣው ለሥራው ቦታ መቅረብ ሳይሆን ችሎታን ማሳየት መቻል ነው። ይህን ደግሞ እዚህ ሆነን፣ በቤተሰብ ምግብ፣ ልንሠራው እንችላለን።

የተቃራኒውንም ሐሳብ አልረሳሁም። የሰፈራችን አንዲት ልጅ ማንንም ሳታውቅ ሄዳ በሦስተኛው ሳምንት ጥሩ ሥራ አግኝታለች። እዚህ የሚቀር ሰው ደግሞ «ተመርቆ ቤት ተቀመጠ» ይባላል፤ ይህ ሐሜት ቀላል አይደለም። ትልቅ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ትውውቅና ልምድ በብር የማይተመን መሆኑንም አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያቺን ልጅ ሁላችንም እናያታለን፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ለእናቷ ነጠላ ይዛ ትመጣለች። ወንድሜን ግን የሚያየው የለም። ባዶ እጄን አልመጣም ብሎ ሁለት በዓል ቀርቷል። የተሳካላቸው ስለሚመጡ፣ ያልተሳካላቸው ስለሚቀሩ፣ እኛ እዚህ ሆነን የምናየው ከተማ ሁሉም የተሳካበት ከተማ ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሥራ ሳታገኙ ስንት ወር መቆየት እንደምትችሉ ቁጠሩ፤ ወሩ ሲያልቅ የምትመለሱበትን ቀንም አስቀድማችሁ ወስኑ፤ መመለስ ውርደት አይደለም። ማን ዋስ እንደሚሆናችሁ በስም እወቁ። የቀበሌ መሸኛውንና የትምህርት ማስረጃውን ሳትጨርሱ አትነሱ። ማመልከት ከዚህ ሆኖ የሚቻለውን ከዚህ አመልክቱ፤ ለፈተና ሲጠሯችሁ ደርሳችሁ ተመለሱ። የምታርፉበትን ዘመድም ቁርጡን ጠይቁ፤ «ለጥቂት ቀን ነው» ብሎ ገብቶ ዘጠኝ ወር መቀመጥ ዝምድናን ይጎዳል።

ለዲፓርትመንታችን መምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ከምርቃት በፊት አንድ ከሰዓት ተፈልጎ፣ ሄደው የተሳካላቸውን ብቻ ሳይሆን ሄደው የተመለሱትንም፣ እዚሁ ቀርተው የሠሩትንም ጋብዛችሁ ቁጥራቸውን ይንገሩን። ስንት ወር ፈለጉ? ስንት አወጡ? ማን ከፈለላቸው? ከአንድ ኮርስ የማይተናነስ ትምህርት ይሆነናል።

እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ኮምቦልቻና ደሴ ላመለክት፣ ሥራ ካገኘሁ ልምድና የአራት ወር ወጪ እስካጠራቅም ልቆይ ወስኛለሁ። እናቴ ዘንድሮም እቁብ ጀምራለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። ያ እቁብ ሲደርሳት ለራሷ እንድታውለው ነው የምፈልገው። አገራችን ሰው መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይላል፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ ማልቀስ ጥቅም የለውም።

ቸር ይግጠመን።