ጎማውን ጠብቀን መድኃኒቱን ረሳነው

ሰሞኑን እዚሁ አናንዴል፣ ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ዳር ካለ ጎማ ቤት አራት ጎማ ላስቀይር ገብቼ ሒሳቡን ሳይ ደነገጥኩ። ሠራተኛው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ታሪፉ ነው» አለኝ። ሐቅ አለው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 3 ቀን 2025 ጀምሮ አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ የመኪና ዕቃዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ስትጥል፣ የቤት መኪና ጎማም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ጉምሩክ ላይ የሚከፍለው አስመጪው ነው፤ አስመጪው ወደ ባለሱቁ፣ ባለሱቁ ደግሞ ወደ እኛ ይገፋዋል። በታክሲና በኡበር ልጆቹን የሚያሳድገው ወገናችን ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ማታ አዲስ አበባ ለሚኖረው ወንድሜ ደወልኩ። ሚኒባስ አለው። ስለ ጎማ ሳነሳበት ሳቀ። «የእኔ ጎኑ ተሰነጣጥቋል፤ ግን እስከ ፋሲካ ይገፋል» አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ጎማ ላይ በየቀኑ ስንት ሰው ይሳፈራል!

ጎማ የሚሰነጠቀው በመንገድ ብቻ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲኩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ይህን ለመከላከል ፋብሪካዎች ሲክስ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨምሩበታል። መጠኑ ከጎማው ክብደት ጥቂት በመቶ ቢሆን ነው፤ ያለ እሱ ወይም ያለ መሰሉ ግን ጎማ ዕድሜ የለውም። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው አብዛኛውን የምታመርተው ቻይና ናት።

ታዲያ ነጥቤ ይሄ ነው፦ በአገራችን ስለ ጎማ ቀረጥ ሲወራ የሚታየው ያለቀለት ጎማ ብቻ ነው። እንደ ሆራይዘን አዲስ ጎማ ያለ የአገር ቤት ፋብሪካ ግን እንዲህ ያለውን ኬሚካል ከውጭ በዶላር ከማስገባት ሌላ አማራጭ የለውም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ያው ዶላር ብዙ ብር ይጠይቃል። በጎማው ላይ ቀረጥ ጭነን ለጎማው መድኃኒት መንገዱን ካላቀለልን፣ ለፋብሪካው በአንድ እጅ የሰጠነውን በሌላው መንጠቅ ነው። በመሐል የሚጎዳው ወንድሜና ተሳፋሪው ነው።

ህንድን ተመልከቱ። ከውጭ በሚገቡ የላስቲክ ኬሚካሎች ላይ፣ ሲክስ ፒፒዲን ጨምሮ፣ የፀረ ርካሽ ሽያጭ ቀረጥ ጥላ ታውቃለች። እሷ ግን የምትከላከልለት የራሷ አምራች አላት። እኛስ ማንን ልንከላከል? አምራች በሌለበት ግብዓት ላይ ቀረጥ መጣል ማንንም አይጠብቅም፤ ወጪ መጨመር ብቻ ነው።

«በግብዓት ስም ሌላ ዕቃ ይገባል፣ መንግሥትም ገቢ ያጣል» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ ተገቢ ነው። ንጹሑ ኬሚካል በዓለም አቀፉ የታሪፍ መለያ 2921 ሥር ይመደባል፤ ከሌላ ጋር ሲደባለቅ ወደ 3812 ይሄዳል፤ አዲስ ጎማ ደግሞ 4011 ነው። የጉምሩክ ሠራተኛው ይህን ካልለየ ስህተትም ሌብነትም ይገባበታል። መፍትሔው ግን ሁሉንም መቅጣት ሳይሆን፣ ነጻ የሚገባውን መጠን ፋብሪካው ካመረተው ጎማ ጋር ማመሳከር ነው።

ነገሩ ለምን አሁን? ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚያ ድርድር ቃል የሚገባው በየመለያ ቁጥሩ ነው። ኬሚካሉም ራሱ እየተፈተሸ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች ከሲክስ ፒፒዲ የሚወጣ ውሁድ በዋሽንግተን ግዛት ወንዞች ውስጥ ሳልመን ዓሣን እንደሚገድል ደርሰውበታል፤ ስለዚህ ምትክ ፍለጋው ተጧጡፏል። ነገ ምትኩ ሲመጣ በየትኛው ቁጥር፣ በስንት በመቶ እንደሚገባ ከወዲሁ የሚያስብ ባለሙያ ያስፈልገናል።

በዚህ አካባቢ ኬሚስት አለ፣ የንግድ ሕግ የተማረ አለ፣ ወደብ ላይ የሚሠራ አለ። ስለ ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከረውን ያህል አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን የአገራችንን የታሪፍ መጽሐፍ ብናገላብጥና የታዘብነውን ለሚመለከተው ብንልክ ምን ይለናል?

ለወንድሜ የሁለት ጎማ ዋጋ ልኬለታለሁ። የሚቀጥለውን ግን እኔ ሳልልክለት በራሱ ገቢ ቢገዛው ደስ ይለኛል።