«አትገባም» የተባለው ዘፋኝ

በቅርቡ አንድ የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ፥ ሥራውን ይዞ ለቀረበ ወጣት «ራፕ ባህላችን ስላልሆነ ልናስገባህ አንችልም» የሚል መልስ ሰጠው። የኮሚቴውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ነገሩ የአንድ ኮሚቴ ብቻ አይደለምና። ይህንኑ ቃል እኛው ተማሪዎች በምግብ አዳራሽ ስንናገረው፥ አንዳንድ መምህራንም ሲደግሙት እሰማለሁ። ስለዚህ ቃሉ እውነት መሆን አለመሆኑን አብረን እንድንመረምር አንባቢዎቼን እለምናለሁ።

ወጣቱ የቡራዩ ልጅ፥ የሰፈሬም ሰው ነው። ፈቃዱን ስላልጠየቅሁ ስሙን አልጽፍም። አስቀድሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ በቡድን ይዘፍን ነበር። አንደኛው ወደ ዐረብ አገር ሄደ፤ ሁለተኛው ባጃጅ መንዳት ያዘ። እርሱ ግን ቀን ሰበታ በአንድ ፋብሪካ እየዋለ፥ ሌሊት በተከራየው ክፍል ግድግዳ ላይ ፍራሽ ሰቅሎ ድምፁን እየቀዳ፥ መብራት በሄደ ቁጥርም እንደገና እየጀመረ፥ የብቻውን የመጀመሪያ አልበም ጨረሰ። ዘጠኝ ዘፈን ነው።

በቡድን መዝፈንና ብቻ መዝፈን አንድ አይደለም። በቡድን የሚዘፍን ሰው ጥቂት ስንኝ ብሎ ማይክራፎኑን ለጓደኛው ያቀብላል፤ ጉድለቱንም ጓደኛው ይሸፍንለታል። የብቻ አልበም ግን መሸሸጊያ የለውም። ሰውየው የሚለው ነገር ያለው እንደ ሆነ ይታወቃል፤ የሌለውም እንደ ሆነ ከሦስተኛው ዘፈን አያልፍም።

የሰፈሬ ልጅ የሚለው ነገር አለው። አንዱ ዘፈኑ በማለዳ ወደ አዲስ አበባ ለመግባት ታክሲ ፍለጋ በሰልፍ ስለሚቆም ሰው ነው፤ ሰልፉ ሲረዝም ምቱም እየዘገየ ይሄዳል። ሌላው እንጀራ እየሸጠች ላሳደገችው እናቱ የተዘፈነ ሲሆን፥ በሰፈራችን እንደምንነጋገረው ግማሹ በአማርኛ፥ ግማሹ በኦሮምኛ ነው። እንከን የለበትም አልልም። ሁለቱ ዘፈኖች በሌለው መኪናና ባልያዘው ገንዘብ የሚፎክሩ ናቸው። ይህንን በግልጽ ብነግረው «ሌሎቹ ስለሚሉት ነው ያልሁት» አለኝ። ኮሚቴው አዳምጦ ይህን ቢነቅፍበት ኖሮ ባልተከራከርሁ ነበር። ነገር ግን አላዳመጠውም።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ራፕ ከእኛ ተወለደ ብዬ አልዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ፥ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፥ በድሆች ጥቁሮችና ከካሪቢያን ደሴቶች በመጡ ስደተኞች መካከል የበቀለ ነው። ይሁን እንጂ በምት ላይ ቃል እየደረደሩ ራስን ማወደስ፥ ባላጋራን መገዳደር፥ በደልን መናገር ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? ቀረርቶና ፉከራ ምንድን ነው? አዝማሪው በሰው ፊት ቆሞ እዚያው የሚገጥመው ምንድን ነው? ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ አባቶች የሚያሰሙት ጌረርሳስ? የሰፈሬን ልጅ አያት ቢያስነሷቸው ማይክራፎኑ ይደንቃቸው ይሆናል፤ ፉከራው ግን አያስደንቃቸውም።

ደግሞም «ባህላችን አይደለም» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ይህንን ጥሶ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ከፈተ፤ የዓለማየሁ እሸቴንም ዘፈን አሳተመ። ዓለማየሁ በአለባበሱም በአዘፋፈኑም አሜሪካዊውን ጄምስ ብራውንን የሚመስል፥ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» እስከ መባልም የደረሰ ሰው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ባረፈ ጊዜ ግን ያለቀስነው እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ አገር ቅርስ ነው። የራፕ ሙዚቃ ከተገነባባቸው ዋና ዋና ምቶች አንዱ የዚያው የጄምስ ብራውን ምት መሆኑን ስናስብ፥ አባቱን በክብር አስቀምጦ ልጁን ከደጅ መመለስ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ልጁ ደግሞ ደጁን መግፋት ከጀመረ ቆይቷል። ቴዲ ዮ «ጉራጌ ቶን» ባለው ሥራው የጉራጌን ምት ከራፕ ጋራ ሲያዋሕድ ሕዝቡ ያለ ማንም ኮሚቴ ፈቃድ ጨፈረበት። ልጅ ሚካኤል በ2009 ዓ.ም. ያወጣውን አልበም «አትገባም አሉኝ» ብሎ መሰየሙ እንዲያው ለማሳመር አይመስለኝም፤ የራፕ ዘፋኝ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። የባዕድ አገር ሰዎች በበኩላቸው የእኛን ለመውሰድ አላፈሩም። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 በጋራ ያወጡት አልበም የሚከፈተው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ በተሠራ ዘፈን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፥ እኛ የምንንቀውን እነርሱ ያነሡታል።

«አማርኛችንን ያበላሻል» የሚሉም አሉ። በመንገድ ከምንሰማው አንዳንዱ በእርግጥ ያበላሻል። ነገር ግን በአንድ ዘፈን ውስጥ የራፕ ዘፋኝ የሚያስፈልገው የቃል ብዛት፥ አንዱን አዝማች ደጋግሞ ለሚዘፍን ሰው ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል። ቃል ያጣ ሰው ራፕ ሊል አይችልም። ቋንቋው እንዲጠራ ከፈለግን ቋንቋ የምንማር እኛ ቀርበን እናርመው እንጂ ከሩቅ አንርገመው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ በሚቀጥለው የማኅበሩ ምሽት ይህ ወጣት ግማሽ ሰዓት ይሰጠው። ሁለተኛ፥ ከዝግጅቱ በኋላ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ባሉበት ሥራው ይተች፤ ሳይፈራ እንደሚቀርብ ነግሮኛል። ሦስተኛ፥ አልበሙን የወደደ ገንዘብ ከፍሎ ይውሰድ። የቅጂ መብት ዐዋጅ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ እኛ ግን የሰውን የሌሊት ድካም ዛሬም በስልካችን በነፃ እንቀባበላለን። ስለ ፍትሕ የሚከራከር ተማሪ ይህን ማድረግ አይገባውም።

አዳምጠን ካልወደድነው «አልወደድንህም» እንበለው፤ ይህ መብታችን ነው። ሳንሰማው «አትገባም» ማለት ግን ትችት አይደለም፤ በር መዝጋት ነው። በሩም የእኛ ብቻ አይደለም።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ