ጆሮ መንካቱ ይሻል ነበር

ድሮ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በእጁ ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ይመዘገባል፤ ካልነካ «ለከርሞ ና» ይባላል። ዛሬ ሲነሳ ያስቃል። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ግን፣ የተወለደበት ቀን ያልተጻፈለትን ልጅ ዕድሜ በሌላ በምን ይገምቱ? ልጅ ወደ ሰባት ዓመት ሲጠጋ ክንዱ ከጭንቅላቱ ይልቅ ስለሚረዝም ነገሩ ከንቱ አልነበረም። በምግብ እጥረት የቀጨጨውን ልጅ ይበድል እንደነበር ግን አይካድም።

ቢሆንም በጥናት የሚታለፍ ፈተና አልነበረም። ጆሮ ለማስነካት አስጠኚ የቀጠረ ወላጅ አልሰማሁም።

አሁን በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት የአራት ዓመት ልጅ «ኢንተርቪው» ይደረጋል። «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ይባላል፤ ቀለማትን በእንግሊዝኛ ይጠራል፣ እርሳስ ይዞ ይሞክራል። እናቱ ውጭ ኮሪደር ላይ ቆማ ትጸልያለች። የሚለካው የልጁ መድረስ ሳይሆን የቤቱ አቅም ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ክፍልን በሰባት ዓመት ሲያስጀምር፣ መዋዕለ ሕፃናትን ደግሞ ልጁን ለዚያ የሚያዘጋጅ ቦታ አድርጎት ነበር። ታዲያ ለመዘጋጃው ሌላ መዘጋጃ ከየት መጣ?

ነርሰሪ ያስተማረች ሁሉ የምታውቀው ሌላ ነው። ምሳ ዕቃውን መክፈት ያቃተው ልጅ ክዳኑን ታቅፎ ያለቅሳል። ቀበቶው ያልተፈታለት ሽንት ቤት በር ላይ ያመልጠዋል። ከሁሉ የሚከፋው «ሽንቴ መጣ» ማለት እየቻለ «ሜይ አይ ጎ አውት» እስኪል የሚጠበቀው ነው፤ ቃሉን ሲፈልግ ሱሪው ይረጥባል። ይህ ልጅ አልደረሰም ይባል? እስከ ሃያ በእንግሊዝኛ ቆጥሮ የገባው ጓደኛውም እኮ ከእናቱ ሲለይ እስከ ረፋድ ያነባል። ይህን ኢንተርቪው አይጠይቀውም፤ ደግሞም የሚለመደው እዚያው፣ ታጋሽ መምህርት ባለችበት ክፍል ነው።

ባለቤቶቹ «አመልካች ብዙ፣ ቦታ ጥቂት፤ በምን እንለይ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቦታ የለም። ዕጣ ያውጡ! ለኮንዶሚኒየም የሆነ ዕጣ ለነርሰሪ ምን ያንሰዋል? ዕጣ ያልወጣለት ልጅ ቢያንስ «ወደቅህ» አይባልም።